መሪው አልታዘዝ አለኝ!

በዚህ እትም የመረጥናቸው ሦስት ጥያቄዎች ከሦስት አገር የመጡ ናቸው። ጉዳያቸው ግን አንድ ነው። ሦስቱም ጠያቂዎች የሸራ ጀልባ መንዳት ያውቃሉ፤ ካልለመዱት ጀልባ ላይ ሲወጡ ግን መሪው ሌላ ሆነባቸው። ጣና ዳር ያደገ አንባቢ የሚያውቀው ታንኳን ነው። ታንኳ በመቅዘፊያ ይሄዳል፣ በዚያው በመቅዘፊያ ይዞራል። የሸራ ጀልባ ግን ከኋላው ውሃ ውስጥ የገባ ሰሌዳ አለው፣ የሚዞረውም በእሱ ነው። ሰሌዳውን የምናንቀሳቅሰው ወይ ቲለር በሚባል የእጅ ዘንግ ነው፣ ወይ በክብ መሪ። ከጀልባው ሆድ ስር ደግሞ ኪል የሚባል ከባድ ክንፍ አለ፤ ጀልባው እንዳይገለበጥና ወደ ጎን እንዳይንሸራተት ይይዘዋል። ይህን ካወቅን ወደ ጥያቄዎቹ እንግባ።

ጥያቄ፦ ሰላም፣ እንደምን ሰነበታችሁ? የምኖረው ሲያትል ነው። የሸራ ጀልባ የተማርኩት ሌክ ዩኒየን ላይ ነው፣ ቲለር ባላቸው ትናንሽ ጀልባዎች። ደስ ብሎኝ ለምጄው ነበር። አሁን የሥራ ባልደረባዬ ባለ 38 ጫማ ጀልባ ገዝቶ ሺልሾል ማሪና አስሯል፣ ሲወጣም ይጋብዘኛል። ይሄኛው ክብ መሪ ነው ያለው። መኪና ስለምነዳ ይቀለኛል ብዬ ነበር፣ ጭራሽ ባሰብኝ። አዞረዋለሁ፣ ምንም አይሆንም። ስጨምርለት ድንገት ከሚገባው በላይ ይዞራል። ስመልሰው ደግሞ ወደ ሌላው ወገን ያልፋል። ከኋላችን ውሃው ላይ የምንተወው መስመር ሁሌ ጠመዝማዛ ነው። እጄ ላይም ምንም ስሜት የለውም። ባልደረባዬ «ትለምጂዋለሽ» ይለኛል፣ እንዴት እንደሚለመድ ግን አይነግረኝም። ወደብ ስንገባማ መሪውን መጠየቅ ትቻለሁ።

መልስ፦ አይዞሽ እህቴ። ነገሩ ከጀልባው ሊሆን ስለሚችል መጀመሪያ እሱን እናጣራ። ብዙ ክብ መሪዎች መሃላቸው ላይ ትንሽ ማጥበቂያ አላቸው፤ ጀልባው ታስሮ ሳለ መሪው እንዳይወዛወዝ የሚያዝባት ናት። እሷን ሳያላሉ ከወደብ መውጣት በጣም የተለመደ ነው፣ ከዚያ ቀኑን ሙሉ መሪው የሞተ ይመስላል። አላልተሽ ሞክሪው። ቀጥሎ አውቶፓይለቱ መጥፋቱን እዪ፤ በርቶ ከሆነ ከማሽን ጋር ነው የምትታገይው። ከዚያ ባልደረባሽን አንድ ነገር ጠይቂው፦ መሪው ከሰሌዳው ጋር የተያያዘው በሽቦ ነው ወይስ በሃይድሮሊክ? በሽቦ ከሆነ ውሃው ሰሌዳውን ሲገፋው ጥቂትም ቢሆን እጅሽ ላይ ይሰማሻል። በሃይድሮሊክ ከሆነ ግን ዘይቱ ያን ሁሉ ስለሚውጠው ስሜቱን በእጅሽ አትጠብቂ። ሽቦው ላልቶም ሊሆን ይችላል። ጀልባው ታስሮ ሳለ አንቺ መሪውን በጣም ቀስ ብለሽ አዙሪ፣ ሌላ ሰው ደግሞ ሰሌዳው ላይ ያለውን ዘንግ ይመልከት። ዘንጉ ሳይንቀሳቀስ መሪው ብዙ ባዶ ከሄደ ሽቦው መወጠር አለበት። ይህ የባለቤቱ ሥራ ነው፣ ግን ሳታፍሪ ንገሪው።

እነዚህ ደህና ከሆኑ ወደ አነዳድሽ እንምጣ። እንዳልሽው መኪና መንዳትሽ መርዳት ሲገባው ያስቸገረሽ እሱ ይመስለኛል። መኪና የሚዞረው በፊት ጎማው ነው፣ መሪውን ስታዞሪ አፍንጫው ወዲያው ይከተልሻል። ጀልባ በኋላው ነው የሚዞረው። ወደ ቀኝ ስታዞሪ መጀመሪያ ኋላው ወደ ግራ ይወጣል፣ ጀልባው በኪሉ ዙሪያ ይሽከረከራል፣ ከዚያ በኋላ ነው አዲሱን መንገድ የሚይዘው። ሌክ ዩኒየን ላይ የተማርሽባቸው ጀልባዎችም እንዲሁ ነበሩ፤ ቀላል ስለሆኑ ግን መዘግየቱ አልታወቀሽም። ለምሳሌ ሌዘር የሚባለው ትንሽ ጀልባ አካሉ ወደ 60 ኪሎ ነው። ባለ 38 ጫማ ጀልባ 7 ቶን አካባቢ ይመዝናል። ያን ያህል ክብደት መዞር ለመጀመር ጊዜ ይፈልጋል፣ ከጀመረም በኋላ ለማቆም ጊዜ ይፈልጋል። አንቺ ያችን የመጀመሪያ ጊዜ አትጠብቂለትም። «አልሰማኝም» ብለሽ ትጨምሪበታለሽ፣ ሁለቱ ትእዛዝ አንድ ላይ ይደርሰዋል፣ ከዚያ የሚሆነውን ራስሽ ጽፈሽልናል።

ስለዚህ ትንሽ አዙሪና ቁሚ። በልብሽ እስከ ሦስት ቁጠሪ፣ እጅሽን ሳታንቀሳቅሺ አፍንጫው ምን እንዳደረገ እዪ። መሄድ ከጀመረ በቃው፣ አትጨምሪ። የምትፈልጊው አቅጣጫ ላይ ሳይደርስ፣ ጥቂት ሲቀረው፣ መሪውን ወደ መሃል መልሺው፤ የቀረችውን በራሱ ጊዜ ይጨርሳታል። ይህን ለማድረግ መሃሉ የት እንደሆነ ማወቅ አለብሽ። ብዙ ጊዜ አንዱ የመሪው ዘንግ ላይ ገመድ ይጠመጠምበታል፣ እሱ ወደ ላይ ሲሆን ሰሌዳው ቀጥ ብሏል ማለት ነው። ከሌለው ባለቤቱን አስፈቅደሽ ፕላስተር ለጥፊበት። ከአንዱ ጫፍ እስከ ሌላው ጫፍ ስንት ዙር እንደሚሄድም ቁጠሪ፣ ከጀልባ ጀልባ በጣም ይለያያል።

ሌላው የእጅ አያያዝሽ ነው። ከቲለር የመጣ ሰው እጁ የለመደው ተቃራኒውን ነው፦ ዘንጉን ወደ ግራ ስትገፊ ጀልባው ወደ ቀኝ ይሄድ ነበር። ክብ መሪ ላይ አእምሮሽ አዲሱን ያውቃል፣ ነፋስ በድንገት ሲመታሽ ግን እጅሽ ወደ ድሮው ይመለሳል። መሪውን ከላይ በኩል ያዢ። ከላይ ስትይዢው እጅሽ የሚሄድበትና ጀልባው የሚሄድበት አንድ ነው። ከታች ከያዝሽው እጅሽ ወደ ተቃራኒው ስለሚሄድ ያው ግራ መጋባት ይመለስብሻል። ዓይንሽ ደግሞ ከመሪውና ከኮምፓሱ ላይ ይነሳ። ከሺልሾል ወጥተሽ ወደ ምዕራብ ስታይ ቤይንብሪጅ ደሴት ፊት ለፊትሽ ነው፤ እዚያ አንድ የማይንቀሳቀስ ነገር፣ ረጅም ዛፍም ይሁን ቤት፣ ምረጪና የጀልባውን አፍንጫ በእሱ ለኪ።

«ስሜት የለውም» ያልሽው ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ዋናው ነገር ይሄ ነው። ቲለር ላይ የውሃው ግፊት በቀጥታ መዳፍሽ ላይ ነበር። ክብ መሪ ግፊቱን ለእጅ እንዲቀል አድርጎ ነው የሚያደርሰው። አዳዲስ ጀልባዎች ላይ ደግሞ ሰሌዳው ራሱ ከፊሉ ከመዞሪያ ዘንጉ ወደፊት እንዲያልፍ ተደርጎ ይሠራል፣ ውሃው ራሱ ለማዞር እንዲያግዝ። ጥሩ ነው፣ ክንድ አያደክምም፣ ወሬው ግን ይቀንሳል። ያንን ወሬ ከሌላ ቦታ መልቀም መልመድ አለብሽ። ጀልባው ምን ያህል እንዳዘነበለ እግርሽ ይነግርሻል፣ ስለዚህ ቁጭ ከማለት ቆመሽ ንጂ። ነፋሱ የየትኛው ጉንጭሽ ላይ እንዳለ ልብ በዪ። የፊት ሸራው ላይ የተለጠፉትን ትናንሽ ክሮች ተመልከቺ። በእኔ አስተያየት እነዚህን ማንበብ የለመደ ሰው ማንኛውም ጀልባ ላይ ቶሎ ይላመዳል፤ በእጁ ብቻ የተማረ ሰው ግን ጀልባ በቀየረ ቁጥር ከዜሮ ይጀምራል።

አሁን ልምምዱ። ጊዜው በጋ ከሆነ ጠዋት ውጡ፣ ፑጄት ሳውንድ ላይ ያኔ ነፋሱ ብዙ ጊዜ ቀላል ነው። ውሃው ግን በበጋም ቢሆን 13 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ስለሆነ ላይፍ ጃኬትሽን እንዳታወልቂ። መጀመሪያ በሞተር ብቻ፣ ከሰው ራቅ ብላችሁ፣ ፍጥነቱን ቀስ እያልሽ ቀንሺ። ሰሌዳው የሚሠራው ውሃ ሲያልፍበት ነው፣ ስለዚህ ፍጥነቱ ከሆነ መጠን ሲወርድ ጀልባው መሪውን መስማት ያቆማል። ያቺን ፍጥነት እወቂያት፤ ወደብ ውስጥ ከእሷ በታች ከወረድሽ መሪ የለሽም። ቀጥሎ ሙሉ ክብ ወደ ቀኝ፣ ሙሉ ክብ ወደ ግራ ዙሪ። እኩል ላይሆኑ ይችላሉ፣ የሞተሩ ማራገቢያ ስለሚጎትት ነው። ያ ጉተታ ጎልቶ የሚታየው ወደኋላ ስትሄጂ ነው። አብዛኞቹ ጀልባዎች የኋላ ማርሽ ሲገባ ኋላቸው መጀመሪያ ወደ ግራ ይሄዳል፣ መሪው ምንም ቢልም። የእናንተው ወደ የት እንደሚሄድ እዚያው ክፍት ውሃ ላይ እዪው። ወደኋላ ስትሄጂ መሪውን በሁለት እጅ አጥብቀሽ ያዢ፣ ቀስ ብለሽም ሂጂ። ውሃው ሰሌዳውን ከኋላ ስለሚመታው በድንገት እስከ ጫፍ ሊነጥቅሽ ይችላል፣ ጣትም ይሰብራል።

ይህን ካደረግሽ በኋላ ሸራውን አንሡና ነፋሱን ከፊት በኩል ከጎን አድርጋችሁ ሂዱ። አሁን መሪውን ላላ አድርገሽ ያዢ። ጀልባው ምን ያደርጋል? ቀስ ብሎ አፍንጫውን ወደ ነፋሱ ካዞረ ደህና ነው፣ እንዲያውም የሚፈለገው ነው። ቀጥ ብሎ እንዲሄድ ሰሌዳውን ከመሃል ከ3 እስከ 5 ዲግሪ ያህል አዙሮ መያዝ ብቻ ካስፈለገሽ ሸራውና ኪሉ ተስማምተዋል። ያቺን ትንሽ ግፊት አንዴ ካገኘሻት ስሜት የለውም ያልሽው መሪ ስሜት እንዳለው ታውቂያለሽ።

ወደብ ለመግባት ደግሞ አትቸኩዪ። መከላከያ ኳስ ወይም የሚንሳፈፍ ነገር ውሃ ላይ ጣሉና እሱን ማሰሪያው ነው ብለሽ አጠገቡ ለመቆም ሞክሪ። ብትገጪውም ማንም አይጎዳም። ወደ ሌክ ዩኒየን ለመመለስ የግድ የሚታለፈውን ባላርድ ሎክስን ግን ለጊዜው ለባለቤቱ ተዪለት። እ.ኤ.አ. በ1917 የተከፈተ የውሃ መቆለፊያ ነው፣ ግድግዳው ቅርብ ነው፣ ውሃውም ይንቀሳቀሳል፣ በዚያ ላይ በጣም ቀስ ብሎ መሄድ ግዴታ ነው። መሪው በጣም የሚደክምበት ቦታ እንደዚያ ያለ ነው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ከእስራኤል፣ ከአሽዶድ ነው የምጽፈው። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ በወር አንዴም ሁለቴም ከክለቡ ጀልባ እወስዳለሁ። የለመድኩት ጀልባ ለጥገና ስለገባ ሌላ ባለ 34 ጫማ ሰጡኝ። ጠዋት ላይ ምንም አይል። ከሰዓት ነፋሱ ሲበረታ ግን አፍንጫውን ወደ ነፋሱ እያዞረ መሪውን ከእጄ ይነጥቀኛል። በሁለት እጅ ይዤ፣ በጉልበት ታግዬ ነው የምመልሰው። ቤት ስገባ ትከሻዬ አይነሳም። ዕድሜ ይሆን ወይስ ጀልባው ነው?

መልስ፦ አባታችን፣ ዕድሜ አይደለም። እንዲህ ያለ ጀልባ የሃያ ዓመት ጎረምሳንም ያደክማል። መሪው እየነገረዎት ያለው ሸራው ከልክ በላይ እንደሆነ ነው። በሜዲትራኒያን ምሥራቅ ዳር በበጋ ከሰዓት የባሕሩ ነፋስ እንደሚበረታ እርስዎ ከእኔ የበለጠ ያውቁታል። ጠዋት ላይ የሚበቃው ሸራ ከሰዓት ይበዛል።

የሚሆነው እንዲህ ነው። ነፋስ ሲበረታ ጀልባው ያዘነብላል። ሲያዘነብል የሸራው ኃይል ከጀልባው አካል ወጥቶ ወደ ጎን፣ ከውሃው በላይ ይሄዳል፤ ውሃው ውስጥ ያለው አካል ግን ወደኋላ ይጎትታል። አንዱ ከጎን ሆኖ ወደፊት ሲገፋ፣ ሌላው መሃል ላይ ሆኖ ሲይዝ፣ ጀልባው ወደ ነፋሱ ይዞራል። ዋናው ሸራ በጣም ከተሳበ ደግሞ ኋላውን ስለሚገፋው ያባብሰዋል። እርስዎ ይህን ሁሉ በአንድ ትንሽ ሰሌዳ ሊመልሱት ነው የሚታገሉት። ሰሌዳው ብዙ ሲዞር ውሃው በላዩ መፍሰሱን ትቶ ይበተናል፣ ያኔ ማዞሩን ያቆምና ጀልባውን ብቻ ያቀዘቅዛል። ትከሻዎን የሚጎዱት ፍሬን ለመያዝ ነው ማለት ነው።

መሪውን ትተው ወደ ሸራው ይሂዱ። መጀመሪያ የዋናውን ሸራ ገመድ ጥቂት ይልቀቁ፣ ሸራው የታሰረበት ተንሸራታች ካለ ወደ ታችኛው ወገን ያውርዱት። ብዙ ጊዜ መሪው እዚያው በዚያው ይቀላል፣ ፍጥነቱም ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። ካልበቃ ሸራውን በደንብ ወጥረው ዝርግ ያድርጉት፤ ሆዱ በተነፋ ሸራ ጀልባው ይበልጥ ያዘነብላል። የክለብ ጀልባዎች ሸራ ብዙ ጊዜ አርጅቶ የረገበ ነው፣ ምንም ቢወጥሩት ሆዱ አይጠፋም። አብረዎት ሰዎች ካሉ ነፋሱ በሚመጣበት ወገን ይቀመጡ። ከዚያ በኋላም መሪው ከከበደዎት ጊዜ አያባክኑ፣ ዋናውን ሸራ ያሳጥሩት። እኔ በዚህ ላይ ጠንከር ያለ አቋም ነው ያለኝ፦ «ላሳጥረው ይሆን?» ብለው ካሰቡ ያኔውኑ ማሳጠር ነው፤ ነፋሱ ከበረታ በኋላ ሥራው እጥፍ ይሆናል።

በድንገት ነፋስ መጥቶ ጀልባው ሲዞር መሪውን በጉልበት አይመልሱት፤ የዋናውን ሸራ ገመድ ይልቀቁለት። ስለዚህ ያ ገመድ ሁሌ ከእጅዎ የማይርቅ፣ ያልተወሳሰበ ይሁን። ብቻዎን ሆነው ከመሪው ጋር የማይደርሱበት ጀልባ ከሆነ በዚያ ነፋስ ብቻዎን እንዳይወጡ እለምንዎታለሁ።

ሸራውን አሳጥረው፣ ጀልባው ቀና ብሎ እየሄደም፣ ያው ከሆነ ምሰሶው ከሚገባው በላይ ወደኋላ አዘንብሎ ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ ለክለቡ ይንገሩ፣ እንዲያስተካክሉት ይጠይቁ። ተቃራኒው ቢያጋጥመዎት፣ ማለት መሪውን ሲለቁ ጀልባው ከነፋሱ የሚሸሽ ከሆነ፣ ያንንም ሳይዘገዩ ይንገሩ። እሱ የባሰ ነው፤ መሪው ከእጅ ቢወጣ የመጀመሪያው ጀልባ ወደ ነፋሱ ዞሮ ይቆምልዎታል፣ ይሄኛው ግን ይዞዎት ይሄዳል።

ጥያቄ፦ ሰላም ነው? ከስዊድን፣ ከጎተንበርግ ነኝ። ትንንሽ የውድድር ጀልባ ስነዳ ነው ያደግኩት። ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ፎልክቦት የሚባል አንድ አሮጌ የሸራ ጀልባ ገዛን። ቲለር ነው ያለው፣ ስለዚህ ችግር አይኖርም ብዬ ነበር። ግን ነፋሱን አቋርጬ ወደ ሌላው ወገን ላዞረው ስል መሃል ላይ ቆሞ ይቀራል። ቲለሩን እስከ ጫፍ እገፋዋለሁ፣ ጭራሽ ይሞታል። ምን አጠፋሁ?

መልስ፦ ቲለሩን እስከ ጫፍ የምትገፋውን ተው፣ ከግማሽ በላይ ችግሩ ያልቃል። ፎልክቦት እ.ኤ.አ. በ1942 በእናንተው በስካንዲኔቪያ የተወለደ ጀልባ ነው፣ በጣም የምወደው ጀልባም ነው፣ ግን ያደግክባቸው ጀልባዎች ዓይነት አይደለም። 2 ቶን ገደማ ይመዝናል፣ ከግማሽ በላዩ ኪሉ ላይ ያለ ብረት ነው። ኪሉ ረጅም ነው፣ ሰሌዳውም ከኪሉ ጫፍ ጋር ተያይዟል። የውድድር ጀልባ ጠባብ ክንፍ ላይ ስለሚሽከረከር ባለበት ይዞራል። ይሄኛው ኪሉን ሁሉ ይዞ ውሃውን እየገፋ ነው የሚዞረው፣ ስለዚህ ሰፊ ቅስት ይፈልጋል። ቲለሩን ድንገት ስትገፋው ሰሌዳው ውሃውን ያግደዋል፣ ፍጥነትህ ይጠፋል፣ ፍጥነት ከሌለ ደግሞ ማዞር የለም።

ከመዞርህ በፊት ፍጥነት ሰብስብ፣ ከነፋሱ ትንሽ ራቅ ብለህ ሂድ። ማዕበል ካለ ለስለስ ያለ ውሃ ጠብቅ። ከዚያ ቲለሩን ቀስ ብለህ ጀምር፣ ጀልባው መዞር ሲጀምር ነው ጥቂት የምትጨምረው። ክብደቱ እዚህ ጋ ወዳጅህ ነው፣ አንዴ ከተነሣ ነፋሱን በራሱ ጉልበት ያቋርጣል። የፊት ሸራውን ገመድ ቶሎ አትልቀቅ፤ ነፋሱ ከሌላው ወገን እስኪመታው ያዘውና አፍንጫውን ይግፋልህ። አዲሱን መንገድ ሲይዝም ወዲያው ወደ ነፋሱ አትጠጋ። መጀመሪያ ፍጥነቱ ይመለስ።

ቆሞ ከቀረብህም አትደንግጥ። ትንሽ ቆይቶ ወደኋላ መንሸራተት ይጀምራል፣ ያኔ ሰሌዳው ተገልብጦ ነው የሚሠራው። አፍንጫው ወደ ቀኝ እንዲወድቅ ከፈለግህ ቲለሩን ወደ ቀኝ ግፋው፣ የፊት ሸራውን ደግሞ በግራ በኩል ያዘው፣ ነፋሱ ይገፋዋል። አፍንጫው በደንብ ሲወድቅ ቲለሩን ወደ መሃል መልስ፣ የፊት ሸራውን ለቀህ በትክክለኛው ወገን ሳበው። ዋናው ሸራ ላልቶ ይቆይ። ጀልባው ወደፊት መሄዱን በውሃው አይተህ ካረጋገጥክ በኋላ ቀስ እያልክ ሳበው።